ዘበኛው መጥረጊያም ይያዝ? ጸረ-ቫይረስና «ኮምፒውተር ማፍጠኛ» በአንድ ጥቅል የሚሸጡበት ምክንያት

የጎረቤታችን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አሥር ቀን ሲቀራት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ተደቅኗል፦ «በኮምፒውተርዎ ላይ 1,384 ችግሮች ተገኝተዋል። አሁኑኑ ያስተካክሉ።» ያንን ሲጫኑት የሚከፈተው የክፍያ ገጽ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ቫይረስ ነው?» አለችኝ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ ከፈትነው። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት «ችግሮች» የጎበኘቻቸው ድረ ገጾች ትተዋቸው የሄዱ ኩኪዎች ናቸው፤ ድረ ገጹ ተመልሳ ስትመጣ እንዲያውቃት ያኖራቸው ጥቃቅን ማስታወሻዎች ማለት ነው። የቀሩት ጊዜያዊ ፋይሎችና ከተሰረዙ ፕሮግራሞች የተረፉ ቁርጥራጮች ነበሩ። ያን ሁሉ ድንጋጤ የፈጠረው ደግሞ ከቫይረስ እንዲጠብቃት ብላ የጫነችው ፕሮግራም ራሱ ነው።

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ አብዛኞቹ ጸረ-ቫይረሶች እንዲህ ናቸው። ከጥበቃው ጎን ማጽጃ፣ ማፍጠኛ፣ የይለፍ ቃል መያዣ፣ ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትን ከሌላ ዓይን የሚሸሽግ አገልግሎት)፣ አንዳንዴም የራሳቸው ብራውዘር ይመጣል። ይህ መደረብ ለተጠቃሚው ይበጀዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ክርክሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሁለቱ ሥራዎች ምን እንደሆኑ መለየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጸረ-ቫይረስ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

የግቢ ዘበኛ ነው ብለን እንነሣ። ፋይል ከኢንተርኔት ሲወርድ፣ ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ፣ ፕሮግራም ሲከፈት አስቁሞ ይፈትሻል። የሚፈትሽበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው የተፈላጊዎችን ፎቶግራፍ እንደ መያዝ ነው፦ ቀደም ሲል የታወቁ አጥፊ ፕሮግራሞች የሚለዩባቸው ምልክቶች ተዘርዝረው ይቀመጣሉ፤ ዝርዝሩም በየቀኑ ይታደሳል። ሁለተኛው ጠባይን መከታተል ነው። ማንም የማያውቀው ፕሮግራም ገብቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶ ሰነድ እየከፈተ መቆለፍ ከጀመረ፣ ፎቶው በዝርዝሩ ላይ ባይኖርም እጁ ይያዛል።

ዘበኛው ይህን ለማድረግ የሁሉም ክፍል ቁልፍ ያስፈልገዋል። ኮምፒውተር «ከርነል» የሚባል እምብርት አለው፤ ማህደረ ትውስታውንም፣ ዲስኩንም፣ ፕሮግራሞቹንም የሚያዝዘው እሱ ነው። ተራ ፕሮግራም እዚያ አይደርስም። ጸረ-ቫይረስ ግን ከፊል አካሉ የሚኖረው እዚያ ነው። እዚያ የሚሠራ ስህተት ምን ያህል እንደሚከብድ ዓለም ያየው ጁላይ 19 ቀን 2024 ነበር። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አደረገ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ። ሰብሮ የገባ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛው ራሱ በሩ ላይ ተዘርሮ መውጫ መግቢያ አሳጣ።

ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል፤ የጽሑፉ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጸረ-ቫይረስ አደራ የተሰጠው ፕሮግራም ነው። ሌላ ሥራ ሲደረብለት የሚደረበው ባለ ሙሉ ቁልፍ በሆነው ሰው ላይ ነው።

«ማፍጠኛ»ውስ ምን ያፈጥናል?

ማፍጠኛ፣ ማጽጃ፣ ማስተካከያ ቢባልም በውስጡ ያሉት ሥራዎች በአብዛኛው አምስት ናቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ ጥቅም አላቸው፤ አንዳንዶቹ ዘመናቸው አልፏል፤ አንዱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጉዳቱ ይበልጥ ነበር።

በጣም የተለመደው ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጥፋት ነው። ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚያስቀምጧቸው፣ ዊንዶውስ ሲታደስ የሚተርፉ፣ ብራውዘር ያከማቻቸው ፋይሎች ይሰረዛሉ። ዲስኩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ከሆነ ይህ በእርግጥ ይረዳል፤ ዊንዶውስ መንቀሳቀሻ ቦታ ሲያጣ ይንፏቀቃልና። ግማሽ ባዶ በሆነ ዲስክ ላይ ግን አምስት ጊጋባይት ማጥፋት ፍጥነት አይጨምርም። ሰፊ መጋዘን ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተከመረ ካርቶን የሠራተኛውን እግር አያዘገየውም። ብራውዘሩ ያከማቸው ፋይል ሲጠፋ እንዲያውም ተቃራኒው ይሆናል፦ ትናንት ያየነው ገጽ ምስሉና ፊደሉ ሁሉ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ኢንተርኔት በሜጋባይት ጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ «ጽዳት» የሚከፈልበት ነው።

ሁለተኛው ሬጅስትሪን ማጽዳት ነው። ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስና የተጫኑት ፕሮግራሞች ምርጫቸውን የሚመዘግቡበት ትልቅ መዝገብ ነው፤ ፕሮግራሙ የት እንዳለ፣ የትኛው ፋይል በምን እንደሚከፈት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ፕሮግራም ሲሰረዝ አንዳንድ መስመሮች ባለቤት አጥተው ይቀራሉ። ማጽጃዎቹ እነዚህን እየለቀሙ «800 ስህተት ተገኘ» ይላሉ። ነገር ግን መዝገቡ ውስጥ ያሉት መስመሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያነባቸውም፤ የሚፈልገውን ገጽ በማውጫው ብቻ ያወጣል። ከወፍራም የስልክ ማውጫ ላይ የሞቱ ሰዎችን ስም መፋቅ የሕያዋኑን ቁጥር ፍለጋ እንደማያፋጥን ማለት ነው። በስህተት የሕያው ሰው ስም ከተፋቀ ግን ፕሮግራሙ አይከፈትም፤ አንዳንዴም ዊንዶውስ ራሱ አይነሣም። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ ሬግክሊን የሚባል የራሱ ማጽጃ ነበረው፤ በኋላ ተወው። ዛሬ የሬጅስትሪ ማጽጃዎችን መጠቀም እንደማይደግፍ፣ የሚያደርሱት ጉዳት ዊንዶውስን እንደ አዲስ እስከ መጫን ሊያደርስ እንደሚችል በይፋ ይገልጻል።

ሦስተኛው «ራም ማስለቀቅ» ነው። ይህኛው ለዓይን የሚማርክ ማታለያ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት 82 በመቶ ተይዞ የነበረው ማህደረ ትውስታ ወደ 40 ሲወርድ ይታያል። ሰው ደስ ይለዋል። ዊንዶውስ ግን ራሙን የሚሞላው አውቆ ነው፦ ደጋግመን የምንከፍተውን ፕሮግራም ቶሎ እንዲገኝ አቅርቦ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ ፕሮግራም ቦታውን ሲፈልገው ይለቅለታል። ምድጃው አጠገብ ቅመሙንም ጨውንም ዘይቱንም ደርድሮ የሚሠራ ባለሙያን አስቡ። አንድ ሰው መጥቶ ሁሉንም ወደ ጓዳ መልሶ «ወጥ ቤትህን አሰፋሁልህ» ቢለው፣ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ያምራል፤ ወጡ ግን ይዘገያል።

አራተኛው የዲስክ ቁርጥራጮችን መሰብሰብ ነው። በሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ተቆራርጦ በተለያየ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ የማንበቢያው ክንድ ከቦታ ቦታ ሲዘል ጊዜ ይወስዳል። ቁርጥራጮቹን አንድ ላይ ማምጣት በዚያ ዘመን ትልቅ ልዩነት ያመጣ ነበር። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ይህን በየሳምንቱ በራሱ ያደርገዋል። ዛሬ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ደግሞ የሚዘል ክንድ የለውም፤ ቁርጥራጩ የትም ቢቀመጥ በእኩል ፍጥነት ይነበባል። ኤስኤስዲ ላይ የሚጻፈው መጠን ገደብ ስላለው ያለ ምክንያት ፋይል ማገለባበጥ ዕድሜውን ይበላል።

በእኔ ግምት በእርግጥ የሚጠቅመው አምስተኛው ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞችን መቀነስ። ችግሩ ይህንን ለማድረግ ማንም ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በራሱ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ቁልፉ አለ።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት አንድ ቤት ገቡ?

ቀድሞ የመጣው መጥረጊያው ነው። ፒተር ኖርተን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ በ1982 ኖርተን ዩቲሊቲስን ለገበያ አቀረበ። ከሁሉ የተወደደለት በስህተት የተሰረዘን ፋይል የሚመልሰው ክፍሉ ነበር። እጁን አጣምሮ የቆመበት ፎቶግራፍ በየማሸጊያው ላይ ይታተም ስለነበር የዚያ ዘመን ሰዎች መልኩን ሳይቀር ያውቁታል። ሲማንቴክ የተባለው ኩባንያ ድርጅቱን በ1990 ገዛው፤ ወዲያውም በዚሁ ስም ጸረ-ቫይረስ ወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ ኖርተን ሲስተምወርክስ በሚል በአንድ ካርቶን ተሸጡ። በዚያን ጊዜ ነገሩ ትርጉም ነበረው። ዊንዶውስ 98 ራሱን የማይጠብቅ፣ ራሱንም የማያጸዳ ሥርዓት ነበርና ሁለቱንም ከውጭ መግዛት ግድ ይል ነበር።

ማይክሮሶፍትም ሞክሮታል። በ2006 ዊንዶውስ ላይቭ ዋንኬር የሚባል አገልግሎት በዓመት 49.95 ዶላር ለሦስት ኮምፒውተር መሸጥ ጀመረ፤ ጸረ-ቫይረስ፣ ፋየርዎል (ከኢንተርኔት የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር አጥር)፣ የፋይል ምትክ ማስቀመጫና ማስተካከያ በአንድ ላይ። ብዙ አልቆየም። በ2009 ተዘግቶ በቦታው ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ የተባለ፣ ጥበቃ ብቻ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም መጣ። በ2012 ደግሞ ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ጸረ-ቫይረሱ ዲፌንደር በሚል ስም ከዊንዶውሱ ጋር ተዋሕዶ ተሰጠ።

ገበያው የተለወጠው ያኔ ነው። ዘበኛ ከቤቱ ጋር በነጻ ከተሰጠ ዘበኛ የሚያከራይ ድርጅት ምን ይሽጥ? ሌላ ነገር መደረብ ነበረበት። የቼኩ ኤቪጂ በ2011 ቱንአፕ የተባለውን የጀርመን ማፍጠኛ ሠሪ ገዛ፤ ሌላው የቼክ ኩባንያ አቫስት በ2016 ኤቪጂን ራሱን ገዛው፤ በ2017 ደግሞ በዓለም እጅግ የታወቀውን ማጽጃ ሲክሊነርን የሚሠራውን ፒሪፎርምን ጨመረ። አቫስትና ኖርተን በ2022 ተዋሕደው ዛሬ ጄን ዲጂታል በሚባል አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በካርቶኑ ላይ የተለያየ ስም ብናይም ብዙው ዕቃ ከአንድ ጓዳ ይወጣል።

መደረቡ አንዳንዴ ወሰን ያጣል። ኖርተን በ2021 የደንበኞቹን ኮምፒውተር ተጠቅሞ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ክፍል በጸረ-ቫይረሱ ላይ ጨመረ፤ ደንበኛው ፈቅዶ ከከፈተው ከሚገኘው ላይ 15 በመቶ ይወስድ ነበር። ያለ ባለቤቱ ዕውቅና ተደብቆ ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም ጸረ-ቫይረሶች ከሚያድኗቸው አጥፊዎች አንዱ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

1,384 ችግር ከየት ይመጣል?

ጥሩ ዘበኛ ሥራውን ሲሠራ አይታይም። ዓመቱን ሙሉ ሌባ ካልመጣ ባለቤቱ «ለምን እከፍለዋለሁ?» ማለት ይጀምራል። መጥረጊያ የያዘ ዘበኛ ግን ሁልጊዜ የሚያሳየው ነገር አያጣም፤ አቧራ በየቀኑ አለ። ችግሩ አቧራው መታየቱ ሳይሆን በሌባ ስም መጠራቱ ላይ ነው። ኩኪውንም፣ ጊዜያዊ ፋይሉንም፣ ባዶ የመዝገብ መስመሩንም «ችግር» ብሎ መቁጠር፣ ቀይ ቀለም መቀባት፣ ቁጥሩንም ማግዘፍ ደንበኝነትን ያሳድሳል።

ይህ እስከ ማታለል የደረሰበት በፍርድ ሂደት የታወቀ ጉዳይ አለ። ኦፊስ ዲፖት የተባለው የአሜሪካ የጽሕፈት ዕቃ መደብር ሰንሰለት ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲያመጡለት «የጤና ምርመራ» በሚባል ፕሮግራም በነጻ ይፈትሽላቸው ነበር። ሠራተኛው መጀመሪያ አራት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ኮምፒውተሩ ዘግይቷል ወይ፣ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ታይቶበታል ወይ፣ በተደጋጋሚ ይዘጋል ወይ፣ ያልተጠሩ ማስታወቂያዎች ይወጣሉ ወይ። ከአራቱ በአንዱ ላይ ምልክት ከተደረገ ፕሮግራሙ የአጥፊ ሶፍትዌር ምልክት እንዳገኘ ይናገራል። ፍተሻው ማስመሰያ ነበር፤ ውጤቱ የሚወሰነው ደንበኛው በመለሰው መልስ ብቻ ነው። ጥገናው ደግሞ እስከ መቶዎች ዶላር ያስከፍላል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2019 መደብሩንና ፕሮግራሙን ያቀረበውን ድርጅት በጠቅላላው 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው።

ማይክሮሶፍት በበኩሉ ከማርች 2018 ጀምሮ በማስፈራሪያና በተጋነነ መልእክት ሰውን ወደ ክፍያ የሚገፉ ማጽጃዎችን ዲፌንደር እንደ አላስፈላጊ ሶፍትዌር ቆጥሮ እንዲያስወግዳቸው አደረገ። በሌላ አነጋገር አንድ ዘበኛ ሌላውን ዘበኛ በሌብነት መያዝ ጀመረ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ግን ከሐሜት አልዳነም። ኋላ ላይ ፒሲ ማናጀር የሚባል የራሱን ማጽጃ አወጣ፤ በ2024 ይህ ፕሮግራም የተጠቃሚውን መፈለጊያ ወደ ራሱ ወደ ቢንግ መመለስን ከ«ጥገና» ሐሳቦቹ መካከል ደርድሮት ተገኘ።

ተጨማሪ ነገር ሲገባ ጥበቃውስ ይላላል?

ሊላላ ይችላል፤ ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። ሶፍትዌር በሰው እጅ የሚጻፍ ስለሆነ መስመሩ በበዛ ቁጥር ስህተቱም ይበዛል። ስህተት ደግሞ ሰርጎ ገብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነው። በቤቱ ላይ አዲስ ክፍል ሲቀጠል አዲስ መስኮት ይመጣል።

በ2016 መጀመሪያ የጉግል የደኅንነት ተመራማሪ ታቪስ ኦርማንዲ የታዋቂ ጸረ-ቫይረሶችን ተጨማሪ ክፍሎች ሲመረምር ያገኛቸው ነገሮች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ከትሬንድ ማይክሮ ጸረ-ቫይረስ ጋር አብሮ የሚጫነው የይለፍ ቃል መያዣ፣ ተጠቃሚው የጎበኘው የትኛውም ድረ ገጽ በኮምፒውተሩ ላይ ያሻውን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም የሚያስችል ቀዳዳ ነበረበት። ኮሞዶ ከጥቅሉ ጋር «ደኅንነቱ የተጠበቀ» ብሎ የሰጠው ብራውዘር ደግሞ አንድ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳያነብ የሚከለክለውን መሠረታዊ አጥር አጥፍቶት ተገኘ፤ በዚህ በኩል ፌስቡክ፣ በዚያ በኩል ባንክ ተከፍቶ ሳለ በመካከላቸው ግድግዳ እንደሌለ ማለት ነው። ሁለቱም ኋላ ተስተካክለዋል። ልብ ማለት ያለብን ግን ቀዳዳው በዘበኛው ላይ ሳይሆን በተደረበለት ሥራ ላይ መሆኑን ነው።

የሲክሊነር ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። ሰርጎ ገቦች ፒሪፎርም ለአቫስት ከመሸጡ በፊት የድርጅቱ መረብ ውስጥ ገብተው ነበር። በኦገስት 2017 የወጣው እትም በድርጅቱ ሕጋዊ ፊርማ ታትሞ፣ በድርጅቱ ድረ ገጽ ተሰራጭቶ፣ አጥፊ ቅንጣት በሆዱ ይዞ ሄደ። እስኪታወቅ ድረስ ወደ አንድ ወር ገደማ ቆየ፤ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ተጫነ። ሰርጎ ገቦቹ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈለጉት ጥቂት ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ጥቃት የደረሰው 40 ገደማ በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ለማጽዳት ብሎ ያወረደው ሰው ግን አጥፊውን በገዛ እጁ አስገባ።

ሌላ ዓይነት ቀዳዳም አለ። ጃምፕሾት የሚባል ጀማሪ ድርጅት ኮምፒውተር የሚያጸዳ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ አቫስት በ2013 ገዛው። ቆይቶ ጃምፕሾት መጥረጊያውን ጥሎ መረጃ ነጋዴ ሆነ፦ የአቫስት ተጠቃሚዎች ምን ድረ ገጽ እንደጎበኙ፣ ምን እንደፈለጉ እየሰበሰበ ለድርጅቶች ሸጠ። ጋዜጠኞች በጃንዋሪ 2020 ጉዳዩን ሲያጋልጡት በዚያው ሳምንት ተዘጋ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል፣ የተጠቃሚዎችን የጉብኝት መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይሸጥም ወሰነበት። አደራ በላ የሚለው ቃል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

አንድ ላይ መሆናቸው ምንም ጥቅም የለውም ማለት ነው?

አይደለም። የማጣመሩ ደጋፊዎች የሚያነሡት ነጥብ ተራ ሰውን የሚመለከት ነው። አምስት የተለያየ ፕሮግራም ፈልጎ፣ መርምሮ፣ አስተማማኙን ለይቶ መጫን ለሁሉም አይሆንም። ከማይታወቅ ድረ ገጽ «ነጻ ማፍጠኛ» ከማውረድ ስም ካለው ድርጅት በአንድ ጥቅል ማግኘት ይሻላል ይላሉ። በውጭ አገር ካለ ልጁ በደረሰው ኮምፒውተር የሚጠቀም አረጋዊ አባት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዲስኩን ቢያስለቅቅ ክፉ አይደለም።

ከተደራቢዎቹ መካከል ደግሞ ከጥበቃ ሊነጠሉ የማይገባቸው አሉ። ያረጁ ፕሮግራሞችን ለይቶ «ይህን አድስ» የሚለው ክፍል ዋነኛው ነው። በሜይ 2017 በ150 አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑ ናቸው። ይህን የሚያስታውስ ክፍል መጥረጊያ አይደለም፤ የተሰበረ መስኮት የሚያሳይ የዘበኛ ሥራ ነው። አስፈላጊ ፋይሎችን በምትክ የሚያስቀምጠው ክፍልም እንዲሁ፤ ቆላፊ ቫይረስ ሲመጣ የመጨረሻው መዳኛ እሱ ነው።

ስለዚህ ተጨማሪ ክፍል ሲያጋጥመን መጠየቅ ያለብን አጥፊን በመከላከል ላይ ድርሻ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ነው። ሬጅስትሪ ማጽዳትና ራም ማስለቀቅ ምንም ድርሻ የላቸውም። ማግዴበርግ ከተማ ያለው የጀርመኑ ኤቪ-ቴስት ጸረ-ቫይረሶችን ሲመዝን ለጥበቃ 6፣ ለኮምፒውተሩ ፍጥነት 6፣ ለአጠቃቀም 6 ነጥብ ይይዛል። የፍጥነቱ ነጥብ የሚለካው ጸረ-ቫይረሱ ኮምፒውተሩን ምን ያህል እንዳላዘገየ ነው፤ ምን ያህል እንዳፈጠነ የሚል ዓምድ የለም።

ስልክ ላይስ?

ስልክ ላይ ነገሩ ይበልጥ ባዶ ነው። አንድሮይድ ማህደረ ትውስታውን በራሱ ያስተዳድራል፤ «አፍጥን» የሚለው ቁልፍ የዘጋቸው መተግበሪያዎች ከደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ሲነሡ ባትሪ ይበላሉ። ክሊን ማስተር በሚባለው ማጽጃ የሚታወቀው ቺታ ሞባይል መተግበሪያዎቹ በፌብሩዋሪ 2020 ጉግል በአስጨናቂ ማስታወቂያ ምክንያት ካስወገዳቸው 600 ገደማ መተግበሪያዎች መካከል ነበሩ። የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ በ2019 ጸረ-ቫይረስ ነን የሚሉ 250 የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ሲፈትን ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ከቀረቡላቸው አጥፊዎች 30 በመቶውን እንኳ አልያዙም።

ኮምፒውተሬ ቢዘገይስ?

መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ተከፍቶ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ይታዩ፤ የማይፈለገው ይጥፋ። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ዊንዶውስ ቅንብሩ ውስጥ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባለውን ማብራት ይበቃል፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን እሱ ራሱ ይጠርጋል። ሁለት ጸረ-ቫይረስ በአንድ ላይ አይጫን፤ ሁለት ዘበኞች አንዱ የያዘውን ፋይል ሌላው ልፈትሽ እያለ በሩ ላይ ሲጋፉ ባለቤቱ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ከዘገየ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ የትኛውም ሶፍትዌር የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል።

የልጅቱን ላፕቶፕ በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር ያየነው። ከፋብሪካ ጋር የመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት የሙከራ ጸረ-ቫይረስ አንድ፤ እሷ የጫነችው ሁለት። አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች 17 ናቸው። ታስክ ማናጀር ከእያንዳንዱ ጎን አነሣሡን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ይጽፋል፤ «ከፍተኛ» ከተባሉት ሦስቱ መካከል አንዱ ያው ማፍጠኛው ነበር። ልናጠፋው ስንል ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት? ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ይወድቃል» አለን። በአራተኛው የ60 በመቶ ቅናሽ ሰጠን።